ወንበርና ልክ

የሰው ልጅ ካገኛቸው ጸጋዎች መካከል ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው አንዱ መቀመጥ ነው። ጧት ወደ ትምህርት ክፍል ገብተን ወንበር ስንስብ ወገባችን እንዴት እንደ ጸና፥ አንገታችን ራሳችንን እንዴት እንደ ተሸከመ፥ እግራችን ወለሉን እንዴት እንደ ረገጠ አናስብም። እጃችን ለመጻፍ ነጻ የሆነው ወገባችን ሥራውን በዝምታ ስለሚሠራ ነው፤ ዓይናችንም ከሰሌዳው ላይ የሚያርፈው አንገታችን ስለማይወላውል ነው። ተቀምጦ መብላት፥ ተቀምጦ መማር፥ ተቀምጦ መጫወት ለኛ እንደ ቁም ነገር አይቈጠርም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የማይቻለው ሕፃን በየመንደሩ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በምዕራብ ዓባያ ያየነው ነገር ነው። ምዕራብ ዓባያ፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ ከዓባያ ሐይቅ በስተምዕራብ የሚገኝ የጋሞ ዞን ወረዳ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ በስተቀኙ ቀላ ያለውን የሐይቁን ውሃ፥ በስተግራው የጋሞን ተራሮች እያየ፥ በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል አልፎ ብርብር ይደርሳል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም እንግዳን ቶሎ ያደክማል። አምስት ሆነን ነበር የሄድነው፤ ሁለት የጤና፥ ሁለት የምሕንድስና፥ አንድ የሕግ ተማሪ። ከመካከላችን አንዱ የዚያው አገር ልጅ ስለ ሆነ ማደሪያውም አስተርጓሚውም ከዚያው ተገኘልን።

በዚህ ጓደኛችን ሰፈር አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለች። በተወለደች ጊዜ ምጡ እጅግ ረዝሞ ነበር፤ ልጅቱም ያለቀሰችው ዘግይታ ነው። ዛሬ አንገቷ አይጸናም፤ እግሮቿ እንደ መቀስ ይቈላለፋሉ፤ እጇ ወዳሰበችው አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ሰሌን ላይ ጋደም ብላ የቤቱን ጣሪያ ታያለች። እናትየዋ እርሻም ገበያም ስላለባት ልጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትውለው ከአያቷ ጋራ ነው። ሲያበሏት በጉልበት ላይ አንጋለው ስለ ሆነ፥ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧዋ እየገባ ያስላታል፤ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ።

ታዲያ ለዚች ልጅ ወንበር አልነበራትም ማለት አይደለም። ከቤቱ ማዕዘን አንድ ወንበር ቆሟል፤ ቀበቶ ያለው፥ የራስ መደገፊያ ያለው፥ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ መልካም ወንበር። በላዩ ግን የተቀመጠው የበቆሎ ከረጢት ነው። ስለምን እንደማይጠቀሙበት ብንጠይቅ እናትየዋ፥ «ስናስቀምጣት ትንሸራተታለች፤ ታለቅሳለች። እኛም አሳዝናን ተውነው» አለችን። ወንበሩን ያመጡት ሰዎች አስረክበው፥ ፎቶግራፍ አንሥተው ሄደዋል፤ ተመልሶ የመጣ አልነበረም። የሰጡትን ሰዎች ማማት አንፈልግም። ጥያቄው፥ ወንበር ተሰጥቶ ሳለ ልጅቱ ስለምን ሳትቀመጥ ቀረች? የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ስለ በሽታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጐዳ የሚመጣ ነው፤ በምጥ መርዘም አየር ሲያጥር፥ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ሲወለድ፥ ከተወለደ በኋላ የሚታየው የቢጫ በሽታ ሲበረታ፥ ማጅራት ገትር ወይም አንጎል የነካ ወባ ሲይዘው ይደርሳል። እርግማን አይደለም፤ የእናትም ኀጢአት አይደለም። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም። አካሉ ግን ካልተደገፈ ጡንቻው እየተኰማተረ፥ አከርካሪው እየጐበጠ፥ የጭኑ አጥንት ከዳሌው መጋጠሚያ እየወጣ ሊሄድ ይችላል። ወንበር ብቻውን ይህን ሁሉ አይከለክልም። ይሁን እንጂ በልክ የተበጀ ወንበር ልጁን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ መዋጥን ያቀልለታል፤ እጁንና ዓይኑን ነጻ ያወጣለታል። ያለ ልክ የተበጀው ደግሞ ያቆስላል፥ ያጣምማል፥ ያስለቅሳል። የልጅቱ ልቅሶ እንግዲህ አመል አልነበረም፤ ወንበሩ እንዳልሆናት መናገሯ ነበር።

የጤና ተማሪዎቹ ልጅቱን አስቀምጠው ቢመለከቱ ምክንያቱ ወዲያው ታየ። መቀመጫው ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን ነው። ጀርባዋ ከመደገፊያው እንዲደርስ ወደ ኋላ ሲገፏት የመቀመጫው ጠርዝ ባቷን ይገፋል፤ እርሷም መልሳ ወደ ፊት ትንሸራተታለች። እግሮቿ በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ቀበቶው ደግሞ ዳሌዋን መያዝ ሲገባው ሆዷ ላይ ወጥቶ ያፍናታል።

የማስተካከሉ ሥራ ሥርዐት አለው። ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያ እንደማይጀምር ሁሉ፥ ልጅን የሚያስቀምጥም ከራስ መደገፊያ አይጀምርም፤ ከዳሌ ነው። ዳሌ ካልጸና ወገብ አይጸናም፤ ወገብ ካልጸና አንገት አይጸናም። ስለዚህ በመጀመሪያ ልጅቱን በሰሌኑ ላይ አጋድመን፥ ዳሌዋንና ጉልበቷን አጥፈን፥ ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ እጥፋት ድረስ ለካን። የመቀመጫው ጥልቀት ከዚህ ልክ ሁለት ጣት ያህል ማነስ አለበት፤ ጠርዙ ከጉልበቷ እጥፋት ጋራ እንዳይጋፋ። ወንበሩን ማሳጠር ስለማይቻል መደገፊያውን ወደ ፊት ማምጣት አስፈለገ፤ ይኸውም ከኮምፔርሳቶ የተቈረጠ ሰሌዳ በስፖንጅ ተሸፍኖ ከጀርባዋ እንዲገባ ነው።

ቀጥሎ እግር መጣ። የእግር መርገጫው ብሎኖች ዝገው አንፈታ አሉ። የባጃጅ መካኒክ የሆነ አንድ ጐረቤት ዘይትና መፍቻ ይዞ መጥቶ ፈታቸው፤ መርገጫውም ውስጥ እግሮቿ ሙሉ በሙሉ እንዲያርፉበት ከፍ ተደረገ። ዳሌ፥ ጉልበትና ቍርጭምጭሚት እያንዳንዳቸው ወደ 90 ዲግሪ ያህል ሲታጠፉ አካል ይረጋጋል። ከዚያ ቀበቶው ከሆድ ወርዶ በጭንና በዳሌ መጋጠሚያ ላይ፥ ወደ ታችና ወደ ኋላ እንዲስብ ተደረገ። እግሮቿ እንዳይቈላለፉ በጉልበቶቿ መካከል ትንሽ ትራስ ገባ፤ የዚህ ትራስ ሥራ እግሮቹን መለየት እንጂ ልጅቱን ከመንሸራተት መያዝ አይደለም፤ መያዝ የቀበቶው ፈንታ ነው። በጐንና በጐኗ የተጠቀለለ ፎጣ ገባ። በመጨረሻም ወንበሩ በሙሉ፥ መቀመጫውም መደገፊያውም በአንድነት፥ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል እንዲል ሆነ። መደገፊያውን ብቻ ወደ ኋላ ማስተኛት ዳሌን አስከፍቶ መልሶ ማንሸራተቱን ያመጣልና። በምግብ ጊዜ ግን ቀና ይደረጋል፤ አገጯም ጥቂት ወደ ደረቷ ዝቅ ይላል፤ ራሷ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ምግቡ መንገዱን ይስታልና።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ሥራችንን አቆመው። አያትየዋ ቀበቶውን ባዩ ጊዜ ተቈጥተው ተነሡ። ጓደኛችን እንደ ተረጐመልን፥ «ልጅ አይታሰርም! የሚታሰር ጥጃ ነው» አሉ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ለካ ቀበቶውን ከመጀመሪያውም ሲፈቱት የነበሩት እርሳቸው ኖረዋል፤ ጐረቤት አይቶ «የታመመች ልጃቸውን አሰሯት» እንዳይል። እኛ የዲግሪውንና የጡንቻውን ነገር ልናስረዳ ስንዘጋጅ እናትየዋ ቀደመችን። «እማዬ፥ በአንቀልባ ሳዝላትስ አልታሰረችም?» አለቻቸው። አሮጊቷ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ቀበቶውን በእጃቸው ዳበሱት፥ ሻካራነቱን አዩ፥ ወደ ጓዳ ገብተው የሸማ ቍራጭ አምጥተው ይጠቀልሉት ጀመር። ላስቲክ በላብ ስለሚያቃጥል በዚያ ቆላ የጥጥ ጨርቅ እንደሚሻል ማንም አልነገራቸውም። ከኛ ከአምስታችን ይህ ለአንዳችንም አልታሰበንም ነበር።

ኮምፔርሳቶውን የቈረጠልን አናጢ ደግሞ ልኩን በወረቀት ብንልክለት አልቀበልም ብሎ ሜትሩን ይዞ ራሱ መጣ። «ለበርና ለመስኮት ልክ የሚሰጠኝ ብዙ ነው፤ ለልጅ ወገብ ልክ የሰጠኝ ግን እስከ ዛሬ የለም» ብሎ ሣቀ፤ ቀጥሎም ጠርዙን እንዳይቈርጣት አጥብቆ አለሰለሰው። ይህ ሰው የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጠየቀው ሰው እንጂ። ደግሞስ በጋሞ አገር ሥራን ለአካል ልክ ማበጀት አዲስ ነገር ነውን? የጋሞ ሸማኔ እግሩን ጕድጓድ ውስጥ አስገብቶ ሲሠራ፥ ጕድጓዱ ለእግሩ ርዝመት የሚስማማ መሆን አለበት፤ ሩቅ ቢሆን መርገጫው አይደረስም፥ ቅርብ ቢሆን ጉልበት ይጣበባል። ለሸማኔው የሚገባው ልክ ለልጅቱ ስለምን አይገባትም?

ወንበሩ ከተስተካከለ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አልተቀመጠችም፤ ጊዜው ቀስ በቀስ ይጨመራል። ስትነሣ ጀርባዋ፥ ዳሌዋና እግሯ ይታያል፤ የቀላ ቦታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልጠፋ ያ ቦታ ተጨንቋልና መስተካከል አለበት። ከወንበሩም ወርዳ በጐኗ መተኛት፥ ምድር ላይም መንቀሳቀስ አለባት፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ሌላ እስር ነው። ልጅ ደግሞ ያድጋል። በየሦስትና በየስድስት ወሩ ልኩ ካልታየ፥ ዛሬ የረዳት ወንበር ነገ ይጐዳታል። እናትየዋ የዛሬውን ልክ በከሰል ከቤቱ ምሰሶ ላይ አሰመረች፤ የሚቀጥለውን ከዚህ ጋራ ለማስተያየት ነው።

ልጅቱ ተነሥታ አልሄደችም፤ ወደ ፊትም እንደምትሄድ ቃል የሚገባላት የለም። የታየው ለውጥ ይህ ነው፤ ማታ ገንፎዋን ስትበላ ሳሏ ቀነሰ። ወንበሯ በደጃፉ ሲቀመጥም በመንገድ የሚያልፉትን ሰዎች በዓይኗ ትከተል ጀመር፤ አላፊዎቹም ቆም ብለው ሰላም ይሏት ጀመር።

ይህ ነገር የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱን በስምንት እርምጃዎች ከፍሎታል፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮና ከምርመራው ጀምሮ፥ ልክ ማስማማትን፥ ተጠቃሚውን ማሠልጠንን፥ በኋላም ተመልሶ ማየትንና መጠገንን ይጨምራል። ወንበር ማስረከብ እንግዲህ ከብዙው ሥራ ጥቂቱ ነው ማለት ነው። ድኽነትም ፍጹም ምክንያት አይሆንም። በዚምባብዌ ቤቪል ፓከር የተባለ መምህር ካርቶንና አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየደራረበ፥ በፀሐይ እያደረቀ፥ ለአንድ ልጅ ልክ የሚሆን ጠንካራ ወንበር የመሥራትን ዘዴ አስተምሯል። በአገራችንም ዕውቀቱ ከቶ የለም አይባልም። በመናገሻ የቼሻየር ማእከል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ሲረዳ ኖሯል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሞያዎችን በዲግሪ አሠልጥኗል፤ በአርባ ምንጭ ከተማም የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የነበረ የአካል ተሐድሶ ማእከል አለ። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ይህን በኩራት ሲነግረን እናትየዋ አዳምጣ፥ «ታዲያ አዋጁ እዚህ ድረስ በምን ይመጣል? በሚኒባስ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ አዝሎ አስፋልት ለመድረስ፥ ከዚያም መኪና ለመጠበቅ ምን ያህል ጕልበት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይሥቅም።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ተማሪ መማር ነው ያለበት» ይሉ ይሆናል። የመንግሥት ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ መጠየቅም ይገባናል። ነገር ግን መማራችን ለምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተቋቋመ ጊዜ ተማሪዎች ከትምህርታቸው አንዱን ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ያ ሥርዐት ዛሬ የለም፤ ያነሣው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ዛሬ ከኛ የሚፈለገው አንድ ዓመት አይደለም። የምሕንድስና ተማሪ ብሎን መፍታትና ሰሌዳ መቍረጥ ያውቃል፤ የጤና ተማሪ ዳሌና አከርካሪ ያውቃል፤ የሕግ ተማሪ ማመልከቻ መጻፍ ያውቃል። እያንዳንዳችን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ተወለድንበት አገር እንመለሳለን። መመለሳችን ትልቁ ሀብታችን ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የጐደለው ወንበር የሚሰጥ ሳይሆን ተመልሶ ልኩን የሚያይ ሰው ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። በመጪው ዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ በሰፈሩ ያለ ሥራ የቆመ እንዲህ ያለ ወንበር ቢያይ፥ የልጁን ዕድሜ፥ ከመቀመጫ እስከ ጉልበት ያለውን ልክ፥ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለውን ልክ፥ ወንበሩም ስለምን እንደ ተተወ የቤቱን ሰዎች ጠይቆ ይጻፍ። ጽሑፉን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያምጣ። የጤና ተማሪዎቹ ወረቀቱን ከመምህሮቻቸውና ከተሐድሶ ባለሞያዎች ጋራ ይመለከቱታል፤ የምሕንድስና ተማሪዎቹ ከሥራ ክፍላቸው የተረፈውን እንጨት ለማሰባሰብ ተስማምተዋል። ሜትር የሌለው ከጽሕፈት ቤቱ ሊዋስ ይችላል፤ ለጊዜው ሦስት አሉን።