ትንሽ ወደ ቀኝ

ዲሽ ለማስተካከል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንደኛው ውጭ ቆሞ ሳህኑን ያዞራል፤ ሁለተኛው ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ያያል። ውጭ ያለው ሰማዩን እንጂ ሥዕሉን አያይም፤ ውስጥ ያለውም ሥዕሉን ይጠብቃል እንጂ ሳህኑ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ይህን ሙያ የተማርኩት በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ተንጠላጥዬ ነው። ውስጥ ያሉት አባቴ ነበሩ። «ትንሽ ወደ ቀኝ! ትንሽ አልኩህ! አለፍከው! ተመለስ! እሷጋ፣ እሷጋ፣ እንዳትተነፍስ!» ይሉኛል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከቆርቆሮው ስወርድ ጎረቤት አጥር ላይ ብቅ ብሎ «መጣ ወይ?» ይለኛል።

የዲሹን መግዣ የላኩት አሜሪካ የሚኖሩት አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ወጌ ስለ እሳቸው ነው።

አጎቴና እኔ ስድስት ዓመት ያህል አልተነጋገርንም ነበር። አባቴ በ2010 ዓ.ም. ሲያርፉ አጎቴ ለቀብር አልመጡም፤ ስልክም አልደወሉም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ስል ሰነበትኩና፣ በስምንተኛው ቀን ወደ አሜሪካ በሚመለስ ሰው እጅ ደብዳቤ ላክሁላቸው። ብር መላክና ወንድም መሆን እንደሚለያዩ አስረዳኋቸው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ከያዝኩ ወዲህ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ፣ አንዲት ትርፍ ቃል ያልነበረችበት ያ ደብዳቤ ይመስለኛል። መልስ አልመጣም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአጎቴ ልጅ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ ስታገባ፣ ጥሪውን የላከችልኝ እሷ ነች እንጂ እሳቸው አይደሉም። ሠርጉ ካለፈ በኋላም «አባዬ የሎውስቶንን ሊያይ ነው፤ አብረኸው ሂድ» ብላ የፈረደችብን እሷው ነች።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ምን ገዙ ብትሉ ሌላ መኪና። ይህኛው ግን አሜሪካኖች «አር ቪ» የሚሉት፣ አልጋም ምድጃም መጸዳጃም ያለው፣ ጎማ የበቀለበት ቤት ነው። በዚያ አገር ብዙ ጡረተኛ በእንዲህ ያለው መኪና ከአንዱ ሰፈራ ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል። ሲቆም መብራቱንና ውሃውን ይሰካል፤ ቀጥሎ የሚያደርገው ዲሽ መትከል ነው። አንዳንዱ ዲሽ ጣራ ላይ ተቀምጦ ሳተላይቱን በራሱ ሞተር የሚፈልግ ነው። የአጎቴ ግን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ በእጅ የሚስተካከል ነው። «ዛፍ ሥር ከቆምህ የጣራው ምን ይረባሃል? ይኸኛውን ተሸክመህ ሰማይ ወዳለበት ትወስደዋለህ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተሸካሚው ማን እንደሚሆን ግን ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ሁለት ቀን ሙሉ ዋዮሚንግን ስናቋርጥ ያወራነው ስለ ነዳጅ ዋጋና ስለ ንፋሱ ብቻ ነበር።

ነሐሴ 3 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሎውስቶን ውስጥ ፊሺንግ ብሪጅ ከተባለው ሰፈራ ደረስን። ቦታው ግሪዝሊ የሚባለው ድብ የሚመላለስበት ስለሆነ ድንኳን መትከል ክልክል ነው፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ መኪና ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከፍታው 2,360 ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። አየሩን ስስበው የእንጦጦ ብርድ መሰለኝ። ዙሪያውን ግን ባሕር ዛፍ ሳይሆን ቀጥ ያለ ጥድ ነው፤ ጥድ ብቻ።

ያን ሌሊት የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ነበር። ፓሪስ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ያለንበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ ይሮጣል። አጎቴ «ቀነኒሳን ሳላይ አልተኛም» አሉ። ስልካችን ላይ ኔትወርክ የለም ማለት ይቀላል። ከጎናችን የቆሙት አሜሪካዊ ሽማግሌ ጠፍጣፋ የስታርሊንክ ሰሌዳቸውን መሬት ላይ ጋደም አድርገው ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ ዛሬ ብዙው መንገደኛ ወደዚያ እየዞረ ነው። ስንቸገር አይተው «ከእኔ ተጠቀሙ» አሉን። አጎቴ አመስግነው እምቢ አሉ። ዲሽ እያለን የሰው በር አናንኳኳም ማለታቸው ነው።

ዲሹ ግን ዜሮ ነው። አጎቴ «ኦሮራ ግቢዬ ውስጥ ሞክሬው ሠርቷል!» ይላሉ። ችግሩም እሱ ነበር። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀው የተቀመጡ ስለሆኑ፣ አንተ በተንቀሳቀስህ ቁጥር ሳህኑ ቀና የሚልበት ልክ ይለወጣል። የእሳቸው ዲሽ ሦስት ሳተላይት ባንድ ጊዜ የሚያይ ባለ ሦስት ዓይን ነው፤ መሐለኛው ዓይን በምዕራብ 119 ዲግሪ ላይ ያለውን ያነጣጥራል። ኦሮራ ላይ ለዚህ 42 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ ፊሺንግ ብሪጅ ላይ 38። አቅጣጫውም ከ202 ወደ 192 ይወርዳል። አራት ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ፤ ሰማይ ላይ ስትደርስ አገር ታክላለች። አጎቴ የኦሮራውን ዚፕ ኮድ ከሪሲቨሩ ላይ ሳይለውጡ፣ ዲሹንም በ42 እንደታሰረ ነበር ያመጡት።

እኔም ብሆን ከእሳቸው አልተሻልኩም። አዲስ አበባ ላይ ናይልሳትን ስትፈልግ ፊትህን ወደ ምዕራብ ታዞራለህ፤ በኋላ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ላይ ሲገቡ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞረን ሳህኑን ወደ ላይ አቅንተነዋል። ሰውነቴ የለመደው ይህን ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲሽ ሁሉ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ሁለት ጊዜ ሳላውቀው ወደ ምዕራብ አዙሬው አጎቴ «የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

ኮምፓሱም አታሎናል። እዚያ አገር የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ያህል በምሥራቅ በኩል ታፈነግጣለች። ካርታው 192 ሲልህ ኮምፓሱ ላይ 181 ገደማ መፈለግ አለብህ። ያውም ከመኪናው ብረት ርቀህ ከቆምህ ነው፤ እኛ መኪናው ላይ ተደግፈን ነበር የምንለካው። መቆሚያው ቱንቢ ካልጠበቀ ደግሞ ሳህኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። የሦስቱን እግሮች ቁመት በውሃ ልክ አስተካክለን ስንጨርስ ፀሐይዋ ገባች።

አሁንም ሥዕል የለም። ቀና ብዬ ሳይ፣ ሳህኑ የሚያየው ሃያ ሜትር የሚሆን የጥድ ግንድና ቅጠል ነው። በ38 ዲግሪ ለሚመጣ ሲግናል፣ ከሃያ ሜትር ዛፍ ቢያንስ 26 ሜትር መራቅ ግድ ይላል። ስለዚህ ዲሹን ተሸክሜ፣ ዛፉ ሳሳ ወዳለበት የመንገዱ ዳር ሄድኩ። ኬብሉ አልደረሰም። አጎቴ ከዕቃ ማስቀመጫው ሌላ ጥቅል አወጡ፤ ጫፉን ራሳቸው የሠሩት ነው። ቀጠልነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን የጸጥታ ሰዓት ነው፤ መጮህ አይቻልም። አንባቢዎቼ፣ ዲሽን ያለ ጩኸት ለማስተካከል ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አጎቴ በመስኮቱ መብራት ምልክት ሊሰጡኝ ተስማማን። አንዴ ብልጭ ካለ ተበላሸ፣ ሁለቴ ከሆነ ተሻለ፣ ሳይጠፋ ከቆየ ቁም። እኔ ጨለማ ውስጥ፣ ድብ በሚዞርበት አገር፣ ሰፌድ የሚያህል ብረት ታቅፌ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። አጎቴ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሁን ተስፋ ቆርጠው አላውቅም፣ መብራቷን እንደ አምቡላንስ ያብለጨልጯታል። ተሻለ ነው ተበላሸ? በልጅነቴ የጠላሁት የአባቴ ጩኸት ናፈቀኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፈ። ፓሪስ ተጀምሯል።

ወደ ውስጥ ገብቼ ሪሲቨሩን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ማሰብ የነበረብኝን ያሰብኩት። በመጀመሪያው ኬብል ሳለን፣ የተሳሳተ ሰማይ ስናይ እንኳ፣ የሲግናሏ መስመር አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጥቅሉን ከቀጠልን ወዲህ ግን ጭራሽ ሞታለች። የዲሹ ዓይን የሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከሪሲቨሩ፣ በዚያው በኬብሉ ውስጥ ነው። እሱ ካልደረሰ ሰማይ ብትታረስ ዋጋ የለውም። ሪሲቨሩን ከመብራት ነቀልኩና (ኬብል ከመነካካት በፊት ይህ አይረሳ) አጎቴ የሠሩትን ጫፍ ፈታሁ።

መስኮቱ ሥር ተንበረከክን። አጎቴ ባትሪውን ያበራሉ፤ እኔ በቢላዋ እልጣለሁ። የዲሽ ኬብል መሐሉ አንድ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ሹሩባ የተጠለፈ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሁለቱ መነካካት የለባቸውም። እዚህ ግን ከሹሩባው አንዲት ፀጉር አምልጣ መሐለኛው ላይ ተኝታለች።

«ያ ደብዳቤህ» አሉ አጎቴ።

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ።

«ዓርብ ቀን ነው የደረሰኝ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለእሑድ ይዘውት ነበር። ታክሲው ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። የወንድሜን ሞት የሰማሁት ከዚያ ላይ ነው።»

በውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ወዳጅ ተሰባስቦ ማለዳ በር አንኳኩቶ እንደሚያረዳ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ሰሞን፣ ተነግሯቸው የቀሩ ነበር የመሰለኝ። የነገራቸው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

«እሑድ ጠዋት መጡ። አዲስ እንደሰማ ሰው አለቀስኩ። ደብዳቤውን ለማንም አላሳየሁም፤ ልጄም አታውቅም።» ባትሪውን ወደ እጄ አቀረቡት። «በል፣ ያችን ፀጉር አንሳት።»

አነሣኋት። ሹሩባውን ወደ ኋላ አጥፌ፣ ማያያዣውን አጥብቄ፣ ጤዛ እንዳይገባው በናስትሮ ጠቀለልኩት። ምንም አልተናገርኩም። ወጥቼ ሳህኑን ያዝኩ። ከ181 ትንሽ ቀደም ብዬ ጀመርኩና በጣት ስፋት እየገፋሁ፣ በየገፋሁት ቁጥር እስከ አምስት እየቆጠርኩ ጠበቅሁ፤ ሪሲቨር የሚያየውን ለመለየት ጊዜ ይፈልጋልና፣ የሚቸኩል ሰው አልፎት ይሄዳል። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ አለች። እንደገና ሁለቴ። ከዚያ በራች፤ አልጠፋችም። ቡሎኑን አሠርኩ። አጎቴ ግን የጸጥታውን ሰዓት ረስተው መስኮቱን ከፈቱና «ትንሽ ወደ ቀኝ!» አሉ። ድምፁ የአባቴ ነው።

ስገባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ አልፏል። የመሪዎቹን ቡድን ብናይ ብናይ ቀነኒሳ የለም፤ ኋላ ቀርቷል። ታምራት ቶላ ግን አለ። በተጠባባቂነት ተይዞ፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የገባው። ድምፁን ዘግተን፣ ጉልበታችን እየተነካካ ሶፋዋ ላይ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ያን ደብዳቤ ስጽፍ…»

«ዝም በል፣ ዳገት ሊጀምሩ ነው።»

ከ28 ኪሎ ሜትር በኋላ ባለው አቀበት ላይ ታምራት ተነጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው የሮጠው። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ገባ። በወንዶች ማራቶን ወርቅ ካገኘን፣ ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ፣ 24 ዓመት ሆኖን ነበር። ያን ጊዜ አባቴ በደስታ ጠረጴዛ ሲመቱ ብርጭቆ መሰበሩን ለአጎቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም ልጆች ሳሉ አባቴ ምን ምን እንደሰበሩ ነገሩኝ። ረጅም ዝርዝር ነው። ሲነጋጋ ተኛን።

ጠዋት ዲሹን ልፈታ ስወጣ ጎረቤታችን ሽማግሌ ቡና ይዘው «አገኛችሁት?» አሉ። አጎቴ ሌሊቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ ይተርኩላቸው ጀመር፤ ዚፕ ኮዱን ግን ዘለሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣ ኬብሉን ክርንህ ላይ አጥብቀህ አትጠቅልለው፣ ውስጡ ይሰበራል አሉኝ።