ዲስኩ ደህና ነበር

ዲስኩ ላይ አንድም ነገር አልደረሰም ነበር። ድምፁ፣ ፎቶው፣ ከድምፁ የተገለበጠው ጽሑፍ ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ ነበር። እምቢ ያለው ማሽኑን የሚያስነሳው ትንሽ ክፍል ነው፤ እሱም በጥቂት ደቂቃ የሚጠገን። እኛ ግን ፎርማት አደረግነው። እኛ የምለው ጎንደር ውስጥ በኮምፒዩተር እንጀራ የምንበላውን በሙሉ ነው። ያዘዘው አንድ ሰው፣ የሠራውም አንድ ልጅ ቢሆን፣ ያን ዕለት የተደረገው በየሱቁና በየቢሮው በየቀኑ የሚደረገው ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። በ2008 ዓ.ም. ወጣቶችን መቅረጫ አስይዞ ወደ ደጋው ላከ። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ ድረስ ዘልቀው አረጋውያንን አነጋገሩ። ስለ እርሻው፣ ስለ ዳኝነቱ፣ ስለ ጋብቻው፣ ከአያት ስለሰሙት ክፉ ቀን ጠየቁ። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ወልቀፊት ጠየቁ። እዚያ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሠፍሮ የነበረው የጣሊያን ጦር ለወራት ተከብቦ ቆይቶ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ያኔ ገና በሕይወት ነበሩ። ጎንደር ከተማም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች፤ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የቀረውን የመጨረሻ ትልቅ ምሽግ ያጣው እዚሁ ነው። መኮንኖቹ፣ የእንግሊዙም የጣሊያኑም፣ የየራሳቸውን ጽፈዋል። በግ ሲጠብቅ የመድፍ ድምፅ የሰማው የደባርቅ ልጅ ያየውንስ ማን ጻፈለት? ያ ልጅ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው መቅረጫ ከፊቱ የተቀመጠለት።

ሰርቨሩ ደህና ሳለ ለሌላ ሥራ ሄጄ አንዱን ቀረጻ አድምጬዋለሁ። ሽማግሌው አርበኞች የመሸጉባቸውን ጉብታዎች በተራ እየጠሩ ይሄዳሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ስሙ ይጠፋቸዋል። «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» ይላሉ። ዶሮ ይጮሃል፤ ከሩቅ አንዲት ሴት ስትጣራ ይሰማል። ከዚያ ሽማግሌው ሳቅ ብለው ስሙን ያወጡታል። ካርታ ላይ የሌለ ስም ነው።

ቀረጻው የተቀመጠው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ በርከት ያሉ ቨርችዋል ማሽኖች አሉ፤ አንዱ ለሂሳብ ክፍሉ፣ አንዱ ለሰው ኃይሉ፣ ኡቡንቱ የተጫነበት አንዱ ደግሞ ለዚህ ለቀረጻው። ቨርችዋል ማሽን በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ሃርድ ዲስኩ በእውነተኛው ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ፋይል ስለሆነም እንደማንኛውም ፋይል ይገለበጣል። ቁጭቴ ሁሉ የሚዞረው እዚህች ላይ ነው።

የቀረጻው ማሽን ላይ ቦታ እየጠበበ ሲሄድ አንድ ሰው ዲስኩን ለማስፋት ብሎ ፓርቲሽኑን፣ ማለትም የዲስኩን አከፋፈል፣ ነካካው። ማሽኑ ሳይጠፋ ስለቆየ ችግሩ አልታየም። ከቀናት በኋላ መብራት ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ሌሎቹ ማሽኖችም ተነሱ፤ ይህኛው አልነሳም አለ።

አንዲት ሠራተኛ ስክሪኑን በስልኳ አንስታ ኖሮ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ የደረሰኝ ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ ሁለት መስመር። አንደኛው እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም የሚል የስህተት መልእክት፣ ሁለተኛው «ግሩብ ሬስኪዩ» የሚል። ሳየው አንጀቴ አረረ። ማሽኑ ምን እንደሆነ በራሱ አፍ እየተናገረ ነበር!

ማሽን የሚነሳው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ባዮሱ ወይም ዩኢኤፍአዩ ይነቃል። እሱ ቡትሎደሩን ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ ላይ ግሩብ የሚባለው ይኸው ነው። ግሩብ ከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) እና ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን ጊዜያዊ ሥርዓት ይጭናል፤ ከርነሉ ዋናውን ፓርቲሽን ሲያገኝ ቀሪው ይከተላል። የቱ ጋ እንደቆመ ስክሪኑ ይነግርሃል። የሚነሳ ዲስክ አላገኘሁም ካለ ገና ግሩብ ጋ አልደረሰም፤ ዲስኩ መያያዙን፣ ባዮስና ዩኢኤፍአይ አለመቀያየራቸውን ታያለህ። ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ጽሑፍ ላይ ከቆመ ከርነሉ ተነስቶ ዋናውን ፓርቲሽን መክፈት አቅቶታል፤ መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤፍኤስሲኬ የሚባለው የፋይል ሥርዓት መጠገኛ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ የቡት ዲስኩን መድረስ አልቻልኩም ካለ፣ አንድ ሰው የዲስክ መቆጣጠሪያውን ቀይሮበት እንደሆነ ማየት ነው፤ ወደነበረበት ሲመለስ ይነሳል።

ግሩብ ሬስኪዩ ላይ የቆመ ማሽን ግን ግሩቡ ግማሽ መንገድ መጥቶ፣ የቀረው የራሱ ፋይል የት እንዳለ የጠፋበት ነው። እዚያው ላይ ኤልኤስ ብለህ ፓርቲሽኖቹን ታያለህ። አንድ በአንድ ትፈትሻለህ። የቡት ፋይሎቹ ያሉበትን ስታገኝ አድራሻውን ትሰጠዋለህ፤ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግሩብን ደግመህ ትጭነዋለህ። ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ይህን የፈራ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው። ማሽኑን አጥፍቶ የዲስኩን ፋይል ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፤ ቅጂውን ከሌላ ደህና ቨርችዋል ማሽን ጋር እንደ ሁለተኛ ዲስክ ማያያዝ፤ ከፍቶ ድምፆቹን ማውጣት። ካቻቪቴ የለ፣ ኬብል የለ። ቅጂው ላይ የፈለገውን ያህል ቢሳሳት ዋናው አይነካም። እንዲህ ያለ ነጻ ዕድል ለጥገና ሰው መቼ ተሰጥቶት ያውቃል?

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሪፖርት የሚላክበት ሳምንት ነበር። ከአንድ ሱቅ አንድ ልጅ ተጠራ፤ ፍላሽ ይዞ መጣ። «ፎርማት ላድርገው?» አለ። «ባክአፕ አለ?» ብሎም ጠይቋል፤ ይህን ልመስክርለት። «አለ፣ አለ፤ ቶሎ ጨርሰው» ተባለ። አለ የተባለው ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበት ሁኔታ) ነው፤ ፓርቲሽኑ ከመነካካቱ በፊት፣ ቀረጻው ከገባ በኋላ የተወሰደ። ስናፕሾት እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ባክአፕ ሊባል አይገባም፤ ሆኖም ያን ዕለት ከማንኛውም ባክአፕ ይበልጥ ነበር። ወደ እሱ መመለስ አንድ ክሊክ ነው። ፎርማቱ አልቆ አዲስ ኡቡንቱ ከተጫነ በኋላ እንኳ ያቺ አንድ ክሊክ ሁሉንም እንደነበረ ትመልሰው ነበር። በማግስቱ ቦታ ይይዛል ተብሎ ተሰረዘ።

እኔ የተጠራሁት ከሳምንታት በኋላ፣ ከቀረጹት ልጆች አንዱ ድምፁን ፈልጎ ሲመጣ ነው። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ አሮጌው መረጃ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይጠፋም፤ አዲስ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ማሽኑ በዚያው ቀን ቢጠፋ ኖሮ ብዙው ይወጣ ነበር። እነሱ ግን ያን ሁሉ ሳምንት ሲሠሩበት ከርመዋል። ፎቶሬክ በሚባል የጠፋ ፋይል ማውጫ ስፈትሸው ስም የሌላቸው ቁርጥራጭ ድምፆች ወጡ፤ አንዷ ሴትዮ ስለ ገብስ መናገር ጀምረው ይቋረጣሉ። ቁርጥራጮቹ ያስረዱኝ አንድ ነገር ነው፤ ፎርማቱ በተደረገባት ሰዓት ሁሉም እዚያው ነበር። የመቅረጫዎቹ ሚሞሪ ካርዶች ደግሞ ለሌላ ሥራ ተብለው ቀድመው ተጠርገዋል።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለምን ያስጨነቀው ነገር ሲደርስ ይህ ሁሉ ተመለሰብኝ። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ የተነሳ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች አልነሳም አሉ። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ፎርማት አድርጉ ያለ ግን አልነበረም። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ቨርችዋል ለሆኑት ደግሞ ዲስኩን ነቅሎ ከደህና ማሽን ጋር ማያያዝ፣ ያንኑ ፋይል አጥፍቶ መመለስ። እዚህ ከተማ ውስጥ ያልተደረገው ነገር፣ ያው ራሱ!

የጎንደር ቁም ጸሐፊ የመጽሐፉ ስፌት ቢበጠስ፣ ድጉሱ ቢገነጠል ብራናውን አይፍቅም፤ መልሶ ይሰፋዋል። ብራናውን መፋቅ የመጨረሻው፣ ጽሑፉ አያስፈልግም ሲባል ብቻ የሚደረግ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ያቃጠለው ከተማ ልጆች ነን፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ መጽሐፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ሌላ ሰው ሊነግረን አይገባም ነበር።

መሣሪያው ጠፍቶን ቢሆን እንዲህ ባልተቃጠልኩ። ቨርችዋል ማሽን የሚፈጥረው ቨርችዋልቦክስ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኬቪኤም በዚያው ዓመት ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋህዷል። በአንድ መጠነኛ ላፕቶፕ ላይ ተማሪ ሆን ብሎ ግሩብን እያበላሸ፣ ፓርቲሽን እያቀያየረ፣ እየጠገነ መዋል ይችላል። መረጃ በጥንቃቄ መያዝም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ዳባት ላይ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደቱ፣ ሞቱ፣ ስደቱ በየቤቱ ሲመዘገብ ቆይቷል። በየሱቁ ሥራ የሚለምዱት ልጆች ግን መጀመሪያ የሚያውቁት ኢንስቶል ማድረግን ነው፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት የመጨረሻውም እሱ ነው። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ ያላቸው የለም።

ክላውድ ላይ ቢቀመጥስ የሚለኝ አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ እዚሁ ነበርኩ። ጎንደር ላይ ቅጂ ማለት በእጅ የሚያዝ፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ የሚቆለፍ ሃርድ ዲስክ ነው። የዚያ ሁሉ ቀረጻ ዋጋ ከአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አንሶ ተገኘ ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱ አሁን የዩፒኤሱን ባትሪ ቀይሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀረጻው እንደገና ይሠራ የሚል ሐሳብም አንዴ ተነስቶ ነበር። ዛሬ መቅረጫ ይዞ ወደዚያ ደጋ መውጣት እንደ 2008 ቀላል አይደለም። ቢወጣም የሚገኙት የእነዚያ አረጋውያን ልጆች ናቸው፤ እነሱም ወልቀፊትን እንደ እኔ ሰምተዋል እንጂ አላዩም።