የሌላ ፕላኔት ታክሲ ከጎፋ ሲነሳ!

መቼስ ‹‹ሽርሽር›› ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሶደሬ ነው። ዛሬ ግን ኪስ የማይጎዳ ጉዞ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። መነሻችን ጎፋ ገብርኤል፣ መድረሻችን ሌላ ፕላኔት! አትሳቁ፤ እኔና ሦስት ጀለሶቼ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም ስንመላለስበት የኖርንበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ መነሻውን እንየው። ከቄራ የሚወርደውን ታክሲ ይዛችሁ ጎፋ ገብርኤል ስትደርሱ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናችሁ። በአንድ በኩል ሳሪስና አደይ አበባ፣ በሌላ በኩል መካኒሳ፣ ወረድ ሲሉ ላፍቶ፣ ለቡና ጀሞ። ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ ኮንዶሚኒየሙና ቪላው ተደበላልቆ የሚኖርበት ደቡብ አዲስ አበባ ማለት ነው። ስሙንስ ልብ ብላችሁታል? ቀደምቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚሄደውን የራዲዮ መልእክት ‹‹የነፋስ ስልክ›› አሉት፤ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። እኛ ደግሞ ስሙ ‹‹ገመድ አልባ›› በሆነ ሰፈር ተቀምጠን በአንዲት ቀጭን ገመድ ከአውሮፓ ጋር እንታገል ነበር።

ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ የቆርቆሮ በር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ፊት ለፊት ፕሌይስቴሽን ተደርድሯል፤ ፊፋ የሚጋጠሙት ልጆች ጩኸት አያባራም። ከመጋረጃው ኋላ ስድስት ኮምፒዩተሮች አሉ። አምስቱ ፌስቡክ ለመክፈት እንኳ የሚያቃስቱ ናቸው። ስድስተኛው ግን የባለቤቱ ወንድም ከዱባይ ያመጣው ጉልቤ ነው። ጋሼ (ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢሆንም ባለቤቱን እንደዚያ ነበር የምንለው) ያንን ማሽን የሚያስነካው ለታመነ ሰው ብቻ ነው። ‹‹ፕላኔትሳይድ 2›› የሚባለውን ጌም ስንት ሌሊት ሲያወርድ አድሮ እንደጨረሰ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፕላኔትሳይድ 2 በኅዳር 2005 ዓ.ም የተከፈተ፣ በነፃ የሚወርድ የተኩስ ጌም ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ የመጀመሪያው ፕላኔትሳይድ፣ የወጣው በግንቦት 1995 ዓ.ም ነው። ሁለቱንም ያወጣው ሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት የሚባለው ኩባንያ ነው። የተለመደው የተኩስ ጌም ጥቂት ሰው ከጥቂት ሰው ያጋጥምና ‹‹አሸነፍክ፣ ተሸነፍክ›› ብሎ ያሰናብታል። እዚህ ግን አውራክሲስ በምትባል ፕላኔት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ሜዳ ይዋጋል። በጥር 2007 ዓ.ም 1,158 ተጫዋቾች በአንድ ውጊያ ላይ ተገናኝተው ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ፊሽካ የለም፣ ዋንጫ የለም። ዛሬ የያዛችሁትን ምሽግ ነገ ስትመለሱ ጠላት ቡና አፍልቶበት ታገኙታላችሁ!

ሦስት ጦር አለ። ቴራን ሪፐብሊክ ቀይና ጥቁር፣ ኒው ኮንግሎመሬት ሰማያዊና ቢጫ፣ ቫኑ ሶቨርይንቲ ደግሞ ወይን ጠጅ ይለብሳሉ። እዚህ ላይ ጠብ ተነሳ። ከመካከላችን ሁለቱ አርሴናል፣ አንዱ ቼልሲ ነበሩ። ቀዩን ብንመርጥ ቼልሲው ሊያኮርፍ፣ ሰማያዊውን ብንመርጥ አርሴናሎቹ ሊያምጹ! በስተመጨረሻ ማንንም የማያስቀይመውን ወይን ጠጅ ለበስንና ሰላም ወረደ።

ትልቁ ፈተና ርቀቱ ነበር። ጣታችን ‹‹ተኩስ›› ሲል ትእዛዙ ከጎፋ ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ እስኪደርስ ይዘገያል። ጌሙ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ጥይቱ መታ አልመታም የሚለውን የሚወስነው የተኳሹ ኮምፒዩተር ነው። እኛ ግድግዳ ኋላ ገብተን ‹‹ተረፍን›› ብለን እፎይ ስንል፣ በተኳሹ ስክሪን ላይ ገና በሩ ላይ ቆመናል። ስለዚህ ግድግዳ ተከልለን እንሞታለን! እርግጥ ሞቶ ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ግን በደቂቃ ሠላሳ ሳንቲም እየከፈሉ በደቂቃ ሦስቴ መሞት ያንገበግባል።

መላውን ያመጣው ቼልሲው ነው፤ የታክሲ ሾፌር ልጅ ነበር። ‹‹ለምን እንተኩሳለን? ለምን አንነዳም?›› አለ። በጌሙ ውስጥ ‹‹ሰንደረር›› የምትባል ብረት ለበስ መኪና አለች። ሾፌሩን ጨምሮ 12 ሰው ትይዛለች። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባሳችንን በሉት፤ ልዩነቱ ትርፍ አለመጫኗ ነው! ጥቅሟ ግን ከመጫንም ያልፋል። ጠላት ምሽግ አጠገብ ሲተክሏት የሞተው ወገን ተመልሶ የሚነሳው ከእሷ ነው። እሷ ከተመታች ማጥቃቱ አከተመ፤ ሁሉም ከሩቅ ነው የሚመለሰው። የስንት ጎበዝ ተኳሽ ዕጣ አንድ ሾፌር መኪናውን ባቆመበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ፈጣን ጣት አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

እናም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አራት ሆነን ተሰማራን። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ካርታ ያያል፣ እንግሊዝኛ የሚችለው የአዛዡን መልእክት ያነባል፣ እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። የመንገዱ ዘዴ ሁሉ የጎፋ ነው፤ ዋናው አስፋልት ሲዘጋ በውስጥ ለውስጥ፣ በኮረኮንቹ! መኪናዋ ቋጥኝ ሥር ስትተከል አራታችንም በአንድ ድምፅ ‹‹ወራጅ አለ!›› እንላለን። የፊፋ ልጆች መጋረጃውን ገልጠው ‹‹እነዚህ ደግሞ ምን ነካቸው?›› ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ኢንዳር በሚባለው በረሃማ አህጉር ላይ መኪናችን ሸለቆ ውስጥ ተደብቃ አርባ ደቂቃ ቆየች። ከእሷ የሚነሳው ሰው አያልቅም። አንድ ፖላንዳዊ ‹‹ሾፌሩ ከየት ነው?›› ብሎ ጻፈ። ‹‹ከኢትዮጵያ›› አልነው። ወዲያው ሁለት ሰው ዘብ አቆመልን። በዚያች ምሽት አንድም ጥይት አልተኮስንም፤ ግን የመቶ ሰው ዓይን እኛ ላይ ነበር። ከዚያስ… መብራት ሄደ! ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ‹‹ተሳፋሪዎቹ ምን ይሉናል?›› እያልን ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘና እንደገና ሊሰጠን ሆነ። እኛ እንደገና ደብተር ገልጠን በተቀመጥንበት በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 24 ቀን፣ የመጀመሪያው ፕላኔትሳይድ ሰርቨር ለዘለቄታው ተዘጋ። 13 ዓመት ሰው የተመላለሰበት ዓለም በአንድ ቀን ጠፋ። ያኔ ወሬውን እንደ ዋዛ ነው የሰማነው።

ከፈተናው በኋላ እኛም ተበተንን። አንዱ ዱባይ ገባ። ቼልሲው ጀሞ ተዛወረ፤ ዛሬ እውነተኛ ሚኒባስ ይነዳል። እንግሊዝኛ ያነብልን የነበረው ልጅ ውትድርና ገባ። በ2013 ዓ.ም ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ሰሜን ሄደ። አልተመለሰም። ለቅሶው ላይ ከቼልሲው ጋር ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ጌሙ ማናችንም አላነሳንም። ምን ይባላል? እዚያ የሞተ ሁሉ ከእኛ መኪና ይነሳ ነበር።

‹‹ጌም ልጆችን ጦርነት ያስለምዳል›› የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ ያየሁትን ልናገር። ከዚያ ጌም ትዝ የሚለኝ የገደልነው ሰው ቁጥር አይደለም፤ እንግሊዝኛ የሚያነብልን ልጅ ‹‹ቆይ፣ ገና አንድ ሰው ቀርቷል›› ብሎ ሾፌራችንን የሚያስቆምበት ድምፅ ነው።

ዛሬ በዚያ ቤት ውስጥ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። የሰፈሩ ልጆች ፐብጂን በስልካቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። ጨዋታው ሲሞቅ ሥራችሁንና ትምህርታችሁን እንዳይበላ ከመካከላችሁ አንድ ሒሳብ ያዥ ሹሙ፤ ‹‹በቃ›› ሲል በቃ ነው! ጣታችሁ ፈጣን ካልሆነም አትፈሩ፤ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ያዙና እዩት፣ ቡድኑ በእናንተ ላይ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ግን ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፤ ሙሉ ስምና ሰፈርም ጭምር። ሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ በቅጽል ስም ብቻ የሚተዋወቁ ስንት የጌም ወዳጆች ደህንነታቸውን እንኳ መጠያየቅ አልቻሉም። ሰርቨር ይዘጋል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ጌም ቤትም ሱቅ ይሆናል። አብሯችሁ የተሳፈረውን ሰው ግን ዛሬውኑ ደውሉለት።

እኔ እዚህ ጋ ወራጅ ነኝ። ቸር ሰንብቱ!