መጻፍና አሳምሮ መጻፍ

በትምህርት ቤት «እገሌ ጥሩ ጸሐፊ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው የእጅ ጽሕፈቱ ነው። የእጅ ጽሕፈት ማማር የሚነቀፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ፊደሉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ተስተካክሎ ሳለ ነገሩ የማይገባ ጽሑፍ ስንት አለ! እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናገርለት የፈለግሁት ሌላውን ማማር፥ የቃሉን ምርጫና የነገሩን አሰካክ ነው።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ ያዘጋጀውንም ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሆኖም ለዚያች ለሁለት ቤት ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ መዋሉ እንደ ነውር አይቆጠርበትም። ዛሬ ግን ሁለት ገጽ ድርሰት ደወል ሳይደወል ጨርሶ የሚያስረክብ ሞልቷል።

ፊደላችን ደግሞ ለጸሐፊው ልዩ ሥራ ይሰጠዋል፤ ማጥበቅና ማላላት አይታይበትምና። «ልጁ ይመታል» ብሎ የጻፈ ሰው፥ ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ አንባቢው በምን ያውቃል? ተናጋሪ በድምፁ ይለየዋል፤ ጸሐፊ ግን ከአንባቢው አጠገብ ቆሞ «እንዲህ ማለቴ ነው» ሊል አይችልም። በድምፅ እንኳ የማይለይ ቃል ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ይህንንም በሰፈራችን አየሁ።

በ2015 ዓ.ም. የሰፈራችን የቦኖ ውሃ በሳምንት ሦስት አራት ቀን አልወርድ እያለ አስቸገረ። ነዋሪዎቹም በክፍያ ማመልከቻ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄደው አስጻፉ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ አንዱ ገጽ በሰላምታና በምስጋና ካለቀ በኋላ በመጨረሻው «ቦኖው ዘወትር ስለሚዘጋ ተገቢው እርምጃ ይወሰድልን» ይላል። ተዘጋ ማለት ግን ተቆለፈ ነው ወይስ ቆሻሻ ይዞት? መሥሪያ ቤቱ ተቆለፈ ብሎ ተረዳና፥ ቦኖውን ለሚጠብቁት አሮጊት «በሥራ ሰዓት ስለሚዘጉ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከባቸው። እኒህ እናት ከቦኖው በሚያገኙት ትንሽ ገንዘብ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ደብዳቤውን ሊያስነብቡ ወደ ቤታችን ሲመጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ «እስቲ አንተ ጻፈው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍሁት። ጮክ ብዬ እንዳነብለት እያዘዘኝ፥ ምላሴን ያደናቀፈውን ሁሉ ሰረዝሁ። (ጮኾ ማንበብ ጥሩ ወንፊት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ እንዲያ የወደደው፥ ከአንባቢው ችሎታ ሌላ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ለጆሮ የተመቸ ስለሆነ ይመስለኛል።) «ይዘጋል» የሚለውን አስወጥቼ «ቧንቧው በደለል ይደፈናል» አልሁ። ችግሩን ከላይ አወጣሁት፤ ከየትኛው ወር እንደ ጀመረ፥ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቋረጥ፥ ቦኖው ክፍት ሆኖ ሳለ ውሃው አልወርድ ሲል ያዩ ሦስት ሰዎች መኖራቸውን አከታተልሁ። ምስጋናውን በአንድ መስመር ብጨርሰው አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህማ ድፍረት ነው» ብለው ቅር ተሰኙ። እኔ ግን የባለሥልጣኑን ጊዜ አለማባከን ራሱ አክብሮት ነው ባይ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች የቧንቧ መፍቻ ይዘው መጡ። የወጣው ጭቃ አንድ ባልዲ ሞላ። ማስጠንቀቂያውም በሌላ ደብዳቤ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ ጎረቤት ስለ በዛ እናቴ «ልጄን ትምህርቱን አታስፈቱት» እያለች ትቆጣለች።

ቦኖ ጠባቂዋም ሩቅ አገር ላለው ልጃቸው ደብዳቤ ያስጽፉኛል። ባለፈው ጊዜ «በጣም ናፍቄሃለሁ» ብዬ ጽፌ ሳነብላቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ «እሱን ተወው ልጄ፤ ደጁ በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ።