የመጀመሪያው ቢሮ፦ ለአዲስ የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች የተጻፈ ትዝብት

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የ60 ሰዓቱን ትምህርት ጨርሶ ፈተናውን ያለፈ ሰው ገና ቤት ማሻሻጥ አይችልም። ላይሰንሱ ሥራ ላይ የሚውለው በአንድ ብሮከር ሥር ሲመዘገብ ነው። ኮሚሽኑም በብሮከሩ በኩል እንጂ ከገዢ ወይም ከሻጭ በቀጥታ ወደ ኪሱ አይገባም። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ምርጫ ብዙ ሰው የሚጨርሰው ፈተናውን ባለፈ በሳምንቱ፣ ቀድሞ የደወለለትን ቢሮ አምኖ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥራውን ትተው የሄዱ ልጆች ሲያወሩ እሰማለሁ። ምሬታቸው ከገበያው ይልቅ በቢሮው ላይ ነው።

*

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ ኤጀንት ቢሮ ሲያፈላልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስፕሊቱ ስንት ነው?" ብሎ ነው፤ ኮሚሽኑን ከቢሮው ጋር የሚካፈልበት መጠን ማለት ነው። ሒሳቡን እንየው። የ500,000 ዶላር ቤት ተሸጦ ለገዢው ወገን 2.5 በመቶ ቢከፈል 12,500 ዶላር ይሆናል። 70 በመቶ የሚሰጥ፣ ግን የጠቅላላውን 6 በመቶ ከኤጀንቱ ድርሻ ላይ ለፍራንቻይዝ የሚቆርጥ ቢሮ ለኤጀንቱ 8,000 ዶላር ያስቀርለታል። እኩል የሚካፈለው ቢሮ ደግሞ 6,250። ልዩነቱ 1,750 ዶላር ነው፤ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ነገር ግን ልዩነቱ የሚኖረው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ሥራ የሚያስተምር፣ ውል አብሮ የሚያነብ ቢሮ ግማሹን ወስዶ በዓመቱ ለአራት ሽያጭ ካበቃ፣ 70 በመቶ ሰጥቶ በአንድ ሽያጭ ከሚያስቀር ቢሮ በብዙ ይሻላል። "መቶ በመቶው ያንተ ነው" የሚሉት ቢሮዎች ደግሞ አብዛኞቹ ሽያጭ ኖረም አልኖረም በየወሩ ያስከፍላሉ። ደንበኛ ላለው ነባር ኤጀንት ያዋጣል። ለጀማሪ ግን አይሆንም፤ ይህን ሳልፈራ እላለሁ። ኤጀንት ደመወዝ የለውም፣ ግብር የሚቆርጥለትም የለም። ከትርፉ ላይ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ራሱ ይከፍላል። ወርኃዊ ክፍያ ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

*

አንዲት ልጅ ያጫወተችኝ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኮንዶ ሊገዙ ከተስማሙ ባልና ሚስት ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣለች። የኮንዶው ማኅበር ሰነድ በኢሜይል መጥቷል፤ መተዳደሪያው፣ በጀቱ፣ ወርኃዊ መዋጮው። ሚስትየው መዋጮው ከጠበቁት በላይ መሆኑን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። ባልየው፣ "እህቴ፣ አሁን ሐሳባችንን ብንቀይር ቀብዳችን ይመለሳል?" አላት።

ልጅቷ የለመደችው ቨርጂኒያን ነው። እዚያ ውሉ ካላራዘመው በቀር ገዢ ሰነዱን ከተቀበለ በኋላ ለመሰረዝ ያለው ጊዜ 3 ቀን ነው። ሜሪላንድ ግን ለኮንዶ ገዢ 7 ቀን ትሰጣለች። በሁለቱ ስቴቶች መካከል ያለውን ወንዝ መሻገር ሕጉን ይለውጠዋል። ቢሮ ደወለች፤ የድምፅ መልእክት ተቀበላት። ቢሮው ውስጥ ላስገባት ሰው ብትደውልለት "ሰኞ እናውራ" አላት። ልጅቷ በግምት አልመለሰችም። "አጣርቼ ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ" ብላ ተነሣች፤ እኔም በዚህ አከበርኳት። ይሁንና እንዲህ ዓይነት ማታ ጀማሪን ብቻዋን የሚተው ቢሮ የሚወስደው 30 በመቶ ለምኑ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ከስፕሊቱ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ቅዳሜ ማታ ስልኬን የሚያነሣው ማን ነው? ስሙን ይንገሯችሁ። "ጠንካራ የድጋፍ ቡድን አለን" የሚለው መልስ አይደለም።

*

ይሉኝታ ብዙ ሰው ቢሮ መርጦለታል። አበልጁ የሚሠራበት ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድሙ ቡና ጋብዞ ስለለመነው ይፈርማል። ከቢሮዎቹ ኬለር ዊሊያምስ የትርፍ ድርሻ፣ ኢኤክስፒ የገቢ ድርሻ የሚባል አሠራር አላቸው፤ አዲስ ኤጀንት ያመጣ ሰው ያ ኤጀንት ሲሠራ ቢሮው ከሚያገኘው ድርሻ ሊደርሰው ይችላል። ሕጋዊ ነው፣ በግልጽም የሚነገር ነው። ጋባዡም ከልቡ የሚወድህ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም "እኔ ስገባ አንተ የምታገኘው ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቀጥተኛ መልስ የሰጠ ሰው ምክሩም ይታመናል።

*

የሐበሻ ቢሮ ጥሩ ጎን አለው። ደንበኛ ቶሎ ይገኛል፣ እናቶችም በቋንቋቸው ውሉን ይረዳሉ። ሁለት ነገር ግን አጥብቆ ማስተማር አለበት። አንደኛው፣ "ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳየን" ለሚል ደንበኛ የሚሰጠው መልስ ነው። የ1968ቱ የፌዴራል የቤት መብት ሕግ በትውልድ አገር ሰውን ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል፤ ጠያቂው ራሱ የአገር ልጅ መሆኑ ኤጀንቱን አያድነውም። ዋጋን፣ የመንገድ ርቀትን፣ የክፍል ብዛትን ይዞ ቤት መፈለግ ይቻላል፤ የሰፈሩን ነዋሪ ደንበኛው ሄዶ ይየው። ሁለተኛው፣ ሎን ኦፊሰር ደንበኛ ስለላኩለት ብቻ የሚሰጠው ጉርሻ ነው። ይህንንም በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። "ሁሉም ያደርገዋል" የሚባልበት ቢሮ ካጋጠመ ወንበር ሳይስቡ መውጣት ነው።

*

ከነሐሴ 2024 ወዲህ፣ የብሔራዊ ሪልተሮች ማኅበር በኮሚሽን የተነሣበትን ክስ በ418 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ከተስማማ በኋላ፣ ኤጀንት ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል መፈረም ግድ ሆነ። ክፍያው በቁጥር ይጻፋል። ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው። እናቱ ከሚሆኑ ሴት ፊት ተቀምጦ፣ "እትዬ፣ ለዚህ ሥራ ይህን ያህል እጠይቃለሁ፤ የማደርግልዎትም ይህ ነው" ብሎ ዓይናቸውን እያየ መናገር አለበት። በቪዲዮ አይለመድም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ የሚያለማምደው ሰው ያስፈልጋል።

*

ሊስቲንግ የኤጀንቱ አይደለም፤ ሻጩ የተዋዋለው ከብሮከሩ ጋር ነው። ስለዚህ ቢሮ ሲለወጥ ሊስቲንጉ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ከመፈረም በፊት ስለ መልቀቅ የተጻፈውን አንቀጽ ማንበብ ነው።

*

በየቢሮው መግቢያ የተሸላሚዎች ፎቶ ተሰቅሏል። የሚደነቁ ሰዎች ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ የጀመሩት ከረጅም ዓመታት በፊት ነው። ለሥራ አስኪያጁ "አምና የገቡትን አገናኙኝ" በሉት፤ ስንቶቹ አሁንም እንዳሉ፣ የመጀመሪያ ሽያጫቸው በስንት ወር እንደተዘጋ፣ ያን ጊዜ ውላቸውን ማን እንዳነበበላቸው ራሳቸው ይናገሩ። የሚተማመን ሥራ አስኪያጅ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ስልካቸውን ይሰጣል።