የዝናም ልብስና የጀማሪ ደመወዝ

ወንድሜ አንባቢ ሆይ፤ እኅቴም ብትሆኚ ነገሩ አንድ ነውና አትቀየሚኝ፤ ዛሬ የማወጋህ ስለ ዝናም ልብስ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ወሬ ይሆነዋል?» ብለህ ገጹን ለመግለጥ ትቸኩል ይሆናል። እኔም ለሥራ ወደ አጋርፋ ከመመደቤ በፊት እንዳንተው አስብ ነበር። በአዲስ አበባ ዝናም ሲመጣ ሰው ከሱቅ በረንዳ ወደ ሻይ ቤት ይሸሻል፤ እዚያም አንድ ሻይ አዝዞ እስኪያባራ ይቀመጣል። ከሮቤ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በአጋርፋ ግን ከከተማይቱ ትንሽ እንደ ራቅህ የሚያስጠልልህ በረንዳም ሻይ ቤትም የለም። የስንዴና የገብስ ማሳ፥ ከዚያም ሌላ የስንዴና የገብስ ማሳ ብቻ ነው።

ዝናሙም ቢሆን በባሌ ደጋ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚበቃው አይደለም። የበልጉ ከመጋቢት ይጀምራል፤ የክረምቱ ደግሞ እስከ ጥቅምት ይጎተታል። ገበሬው በዚህ ምክንያት በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ስለዚህም ዝናሙን ይመርቀዋል። እኔ ግን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በእግሬ መዝገብ ይዤ የምዞር ጀማሪ ጸሐፊ ነበርሁና ምርቃቱ ከአፌ አይወጣም ነበር።

አዲስ አበባን ስለቅ የመጀመሪያ ደመወዜን ግማሽ ከፍዬ አንድ የሚያብረቀርቅ የዝናም ካፖርት ገዝቼ ነበር። ባለሱቁ «ባሕር ውስጥ ብትገባበት አይነካህም» ብሎ ምሎልኛል። ካፖርቱ በእውነት ያምራል፤ ለብሼው መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የልጅነት ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጣና ቀይ ቀበሮ ሳያይ እንደማይመለስ ነገረኝ። ዕረፍት ወስጄ አብረን ወደ ዲንሾ ሄድን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ለመጠበቅ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዲንሾ አንድ ሸምገል ያለ መሪ ከነፈረሱ ይዘን በወብ ሸለቆ በኩል ወደ ላይ ተጓዝን። ሐሳባችን በሳነቴ ሜዳ ተሻግረን በጎባ ለመውረድ ነበር። እኔ ያን ካፖርት ለበስሁ፤ ወዳጄ ደግሞ ጂንስ ሱሪና እናቱ ያስያዙትን ወፍራም ጋቢ።

እስከ ሦስተኛው ቀን ደኅና ነበርን። ድንጋዮቹ እንደ ሰው የቆሙበትን ራፉን አልፈን ወደ ጋርባ ጉራቻ ስናቀና ግን ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ዝናም፥ ቀጥሎ በረዶ፥ በላዩም ነፋስ። ወንድሜ፥ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ናት፤ ሳነቴ 4000 ሜትር ገደማ ነው። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ከምናምን ስለሚቀንስ በሮቤና በሳነቴ መካከል ወደ አሥር ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ነፋሱን ጨምርበት።

ካፖርቴ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ጨርቁ ውሃ ባያስገባም ስፌቱ አስገባ፤ በየመርፌው ቀዳዳ እየገባ በትከሻዬ ቁልቁል ወረደ። ከውስጥ ደግሞ ዳገቱን ስወጣ ያላበኝ ላብ መውጫ አጥቶ ሸሚዜን አረጠበው። የወዳጄ ነገር ግን ከእኔ ይብስ ነበር። ጋቢ ጥጥ ነው፤ አራት እጥፍ ጥጥ። ደረቅ ሲሆን እንደ እናት ያቅፋል፤ ሲርስ ግን ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፥ የያዘውንም ሙቀት ይለቃል።

ወዳጄ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አንደበቱ ተሳሰረ፤ ስሙን የማላውቀው ሰው እየጠራ ያወራ ጀመር። በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመና «አሁን አልበረደኝም፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቀመጥ» አለ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ! መሪያችን ግን ፊቱ ተለወጠ። ፈረሱን አቁሞ ጭነቱን ፈታ፤ ጋቢውንና እርጥቡን ሸሚዝ ገፍፎ አወለቀለት፤ የራሱን ደረቅ የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለለበት፤ በላዩ ደግሞ ከኮርቻው ሥር አንድ ነጭ ላስቲክ አውጥቶ አለበሰው። ይህ ላስቲክ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛ ሽፋን ነው። አንዱን የታች ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን ወትፎ እንደ ቆብ አበጀውና በራሱ ላይ ደፋለት።

እኔ በቦርሳዬ የያዝኋትን ዐረቄ አወጣሁ። «ተው ልጄ፤ ይህ ይገድለዋል» ብሎ ቀማኝ። ጎባ ስንደርስ አንድ የጤና ባለሙያ ጠይቄ እንደተረዳሁት ነገሩ እውነት ነው፤ መጠጥ የቆዳን የደም ሥሮች እየከፈተ በውስጥ የቀረውን ሙቀት ያወጣዋል። ድንኳኑን ተክለን ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ አጠጣነው፤ ግራና ቀኝ ተኝተንም አሞቅነው። እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሪያችን «አልሐምዱሊላህ፥ ተመለሰ» አለ። ወዳጄ እኩለ ሌሊት ላይ የተናገረው የመጀመሪያ ደኅና ቃል «ጋቢዬስ?» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናም ልብስ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል የሟሟ ጎማ ቀብቶ ውሃ የማያስገባ ልብስ አወጣ፤ እንግሊዞች እስከ ዛሬ የዝናም ካፖርትን በስሙ ይጠሩታል። ላቡ ግን እንደ እኔው ካፖርት ከውስጥ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ያገኘው ስስ ሽፋን ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ የውሃ ጠብታ አያልፍባቸውም፥ የላብ እንፋሎት ግን ያልፋል። ጎርቴክስ የሚባለው ይህ ነው። አዲሱን ለመግዛት ግን የእኔና የአንተ ደመወዝ ተደምሮም አይበቃም።

ስለዚህ ወደ ሰልባጅ ተራ ሂድ። ብዙ ጊዜ ደኅና ካፖርት ባለቤቱ ዋጋውን ሳያውቀው ከሸሚዝ ጋር ተከምሮ ታገኛለህ። ገልብጠህ ውስጡን እይ፤ ስፌቱ ላይ እንደ ፕላስተር ያለ ጥብጣብ ከተለጠፈበት ሠሪው ዐዋቂ ነው። ውስጡ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ከሆነ ሞቷልና በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ። ካስቻለህ ከያዝኸው ውሃ ትንሽ አፍስስበት፤ ሻጩ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ስፌቱ ባዶ ከሆነ ሻማ እያሸህ ልትደፍነው ትችላለህ። እኔ ያን ካፖርት እንዲህ አድርጌ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቻለልኝ።

ሰልባጅም ካልተገኘ በሜትር እየተለካ የሚሸጠው ወፍራም ላስቲክ አለ። ሰፋ አድርገህ እጠፈውና በመካከሉ ራስ የሚያስገባ ቅደድ፤ የቅዱን ጠርዝ በፕላስተር አጠንክር። ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባዋል፥ ላብህም ይወጣል፤ ጀርባህ ላይ ያለውንም ቦርሳ ይሸፍናል። ነፋስ ሲመጣ እንዳይገለብጠው ወገብህ ላይ በገመድ እሰረው። ከሥሩ ሱፍ ልበስ፤ ሹራብ ይሁን ብርድ ልብስ፥ ሱፍ ቢርስም ከጥጥ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። አንድ ደረቅ ልብስ ደግሞ በፌስታል አሥረህ አስቀምጥ፤ ምንም ቢሆን በመንገድ አትልበሰው፥ ለማታ ነው። ጃንጥላ ለአጋርፋ ገበያ ይበቃል፤ ሳነቴ ላይ ግን ነፋሱ ከእጅህ ይወስድብሃል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ዝም ብለው አልረጠቡም። የመንዝና የጎጃም እረኛ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ይለብሳል፤ ውሃው በሣሩ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ቁልቁል ይወርዳል፥ ከውስጥም አየር አለው። ማኪንቶሽ ያላሰበውን እረኛው አስቦታል! ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን ባለመንታ በትራቸውን ይዘው የሚጓዙት ተጓዦችም የቀናት መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ የኖሩት እንደ እኔ ያለ ካፖርት ሳይገዙ ነው።

ጎባ ስንገባ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ላስቲኩን አጣጥፌ ለመሪያችን ልመልስለት ስል «ይሁን፥ አንተ ያዘው፤ ለአጋርፋ ይሆንሃል። ይልቅ ያን የሚያብረቀርቀውን ስጠኝ» አለኝ። ከእኔ ይልቅ ለእርሱ ምን ሊረባው ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ለኮርቻዬ መሸፈኛ» አለ።

ሰጠሁት።