መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ መለኪያውን

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን የመጡ ሁለት ነጋዴዎች "ይሄን መጠጥ እንዴት ነው የሠራችሁት?" ብለው ጠየቁኝ። አሠራሩን በስልክ እልክላችኋለሁ ብያቸው ነበር። በኋላ ሳስበው ከአሠራሩ በፊት መነገር ያለበት ነገር አለና ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው አልኩ።

መጠጡን ያስተማሩን አጎታችን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ባርማን ነበሩ። ሞያሌ ሲገቡ ይዘው ከመጡት ዕቃ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለችው አንዲት የብረት መለኪያ ናት። ባንዱ ጎኗ 50፣ በሌላው ጎኗ 25 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ለብዙ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር ተኝታ ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሯን ለሰው ዘጋች። ኬንያም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰዓት እላፊ አወጀች፤ መጠጥ ቤቶች ተዘጉ። ሸቀጥ የጫነ መኪና ቢያልፍም እንደኛ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚሠራ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኔ በኬንያ በኩል ቀረሁ፤ የገዛሁት ቦሎቄ በወዲያኛው ሞያሌ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ያንን ጊዜ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ጭነትና መኪና የሚያገናኝ ደላላ ነው። በዚያ ወቅት ሥራ አልነበረውም፤ ሲመሽም የሚሄድበት ቦታ የለም። የመጠጥ ቤቱ የፊት በር ሲዘጋ ግን የጓሮው ተከፈተ። አንድ ቀን ምንም ወረቀት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ይዞ መጣ። "ጂን ነው፣ በግማሽ ዋጋ" አለኝ። ሽታው የጂን ነው። ይከረክራል ሲለኝ ሎሚ ጨምቄ፣ ማር በጥብጬ የቀላቀልኩለት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይከብደኛል። እኔ አልጠጣሁም። እሱ "አሁን ጣፈጠ" ብሎ ጠርሙሱን አጋመሰው።

በማግስቱ ሆዱን ቆረጠው፣ አስታወከው። አንጎበር ነው ብዬ ሾርባ ሠራሁለት። ወደ ማታ ላይ "መብራቱን አብሩት" አለን። መብራቱ በርቶ ነበር።

ሰዓት እላፊው ገብቶ ስለነበር ጎረቤታችን፣ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ቦረና፣ በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ሜታኖል ነው አሉ። ወንድሜ ተረፈ። ቀኝ ዓይኑ ግን አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ ግራው ፊት ይለያል፣ ጽሑፍ አያነብም።

ከሆስፒታል ሲወጣ ጋሼ አልተቆጡም። መለኪያዋን ከመሳቢያ አውጥተው አጠቧት። ከዚያ ለእኔ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከልክላ ነበር። ሰው ግን በየጓዳው ጂን ይሠራ፣ በየስርቻው ይሸጥ ነበር። የፋብሪካ አልኮል እየሰረቀ የሚሸጥም ነበር፤ መንግሥት አልኮሉ እንዳይጠጣ ብሎ ሜታኖል ያስጨምርበት ስለነበር ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታወረ። የማርና የሎሚ ጂን፣ ባርማኖች "ቢዝ ኒዝ" የሚሉት፣ የዚያ ዘመን መጠጥ ነው። የመጥፎውን ጂን ጣዕም ለመሸፈን እንደተፈጠረ ይነገራል።

"አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው" አሉኝ። "ማርና ሎሚ ጣዕም ይሸፍናሉ። መርዝ አያወጡም።"

ስለዚህ ከማንኛውም አሠራር በፊት የጠርሙሱ ነገር ይቅደም። ሜታኖል በሽታም በጣዕምም ከሚጠጣው አልኮል አይለይም። በማንኪያ አድርጎ እሳት ለኩሶ የነበልባሉን ቀለም ማየት አያስተማምንም። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚወጣው። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ጉም ውስጥ እንዳሉ ዓይን መደብዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሾርባ አትሥሩ፣ ይተኛና ይሻለዋል አትበሉ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የተረፈውን ጠርሙስም ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዳታፍሩ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 በበርካታ አውራጃዎች ብዙ ሰው ሞቷል። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በኪሪንያጋ ከ10 በላይ ሰዎች እንዲሁ አልቀዋል።

እዚህ ስትገዙ ክዳኑ ላይ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የኤክሳይስ ማኅተም መኖሩን እዩ። "ሶማ ሌብል" የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን በካሜራ ማረጋገጥ ይቻላል። ከወዲያ ማዶ እንደ ባሮ ድራይ ጂን ያለውን የታወቀ የፋብሪካ ጂን ከታወቀ ሱቅ፣ እንደታሸገ ግዙ። ዋጋው ግማሽ ከሆነ ግማሹ ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ነጋዴዎች ነን፤ ያለ ምክንያት የሚረክስ ዕቃ እንደሌለ እናውቃለን።

አሁን ወደ ጠየቃችሁኝ ልምጣ። ዕቃው ከባድ አይደለም። ክዳኑ የሚገጥም የማርማላታ ብርጭቆ፣ የሻይ ማጥለያ፣ መለኪያ፣ ከተፈላ ውሃ የተሠራ በረዶ። ጋሼ ከሁሉም በላይ የሚያጠብቁት መለኪያውን ነው። የአረቄዋን ብርጭቆ መለኪያ ያሏት ያለ ነገር አይደለም ይላሉ፤ ሰው ግን ስሟን ረስቶ በዓይኑ ይቀዳል። የጎሮጎሮ ጣሳ ስትጎድል የምንጣላ ሰዎች፣ ወደ ሆዳችን የሚገባውን ለምን በግምት እናደርጋለን?

የመጀመሪያው ያው የማሩ ነው። እኩል ማርና ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 25 የማር ብጥብጥ ከበረዶ ጋር ብርጭቆው ውስጥ ከትታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ እጃችሁ እስኪቀዘቅዝ ናጡትና አጥልሉት። ናይሮቢ ካርኒቮር የሄዳችሁ "ዳዋ" የሚባለውን ታስታውሱ ይሆናል፤ ዘመዱ ነው፣ ያኛው ግን በቮድካ ነው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት አልቀምስም ብዬ ነበር። ማኅተሙን አሳዩኝ፣ ክዳኑን ፊቴ ላይ ከፈቱት፣ ከዚያ ቀመስኩ።

ሁለተኛው ጊምሌት ነው፤ የመርከበኞች መጠጥ። በድሮ ጊዜ መርከበኞች ትኩስ ምግብ አጥተው ድዳቸው ይደማ ነበር፤ መድኃኒቱ የሎሚ ጭማቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1867 ላክላን ሮዝ የተባለ የስኮትላንድ ነጋዴ ጭማቂውን ያለ አልኮል በስኳር የሚያቆይበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። መኮንኖቹ ያንን ከጂን ጋር ቀላቀሉት። ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል፦ 200 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 200 ግራም ስኳር፣ ከሦስት ሎሚ ልጣጭ ጋር ለስላሳ እሳት ላይ ስኳሩ እስኪሟሟ አሙቁት። ሲበርድ አጥልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ 50 ጂን፣ 25 ከዚህ ጭማቂ፣ በረዶ፣ ንጡት። ገበያችን ላይ ንዲሙ የሚሉት ትንሹ ሎሚ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ሦስተኛው ለሞያሌ ሙቀት የሚስማማው ቶም ኮሊንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በታተመው የጄሪ ቶማስ የባርማኖች መጽሐፍ ውስጥ አለ። ረጅም ብርጭቆ ላይ በረዶ ሙሉ፤ 50 ጂን፣ 25 ሎሚ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ ጨምሩ፤ የቀረውን በጋዝ ውሃ ሙሉት። እኛ የምንሞላው በአምቦ ውሃ ነው። ጋሼ የውጭ አገር እንግዳ ይህንን ቀምሶ ሁለተኛ ሶዳ አይጠይቅም ነበር ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂን ሽታውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው። ይህን የሰማ አንድ ልጅ ከሜጋ በኩል የኛን ጥድ ፍሬ ለቅሞ አመጣልን። ጋሼ ጣሉት አሉ። የጂኑ ጥድ ሌላ ዝርያ ነው፤ የሐበሻውን ጥድ መጠጥ ውስጥ አትክተቱ።

ቤታችን ሕጉ ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ ነው። ሌሊት የኢሲዮሎን መንገድ የሚይዝ ሾፌር ጂን አይቀዳለትም፤ ቢቆጣም አይቀዳለትም። ሳይነገረን ለማንም ጂን የለበትም ብለን ጂን አንሰጥም፣ አለበት ብለንም አንደብቅም። በበዓል ቀን ያ ጎረቤታችን ከነቤተሰቡ ሲመጣ ሎሚ፣ ማርና አምቦ ብቻ፣ ጂን ባልነካው ብርጭቆ፣ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእነሱ ነው። ወንድሜም የሚጠጣው ከእነሱ ጋር ያንኑ ነው፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልኮል ቀምሶ አያውቅም።

እንግዳ ሲመጣ ግን የሚለካው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ አንድ ቀን ጋሼ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ መለኪያዋን ተቀበላቸው። ጣቱን ጠርዟ ላይ ያደርግና ቅዝቃዜው ሲነካው ያቆማል። አንዲት ጠብታ አያፈስም። ጠርሙሱን የማነብለት እኔ ነኝ። ማኅተሙን፣ የፋብሪካውን ስም፣ ክዳኑ አለመነካቱን፣ ጮክ ብዬ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ። አንዳንዱ ይስቃል። እስካነበው ድረስ ወንድሜ አይቀዳም።

በሞያሌ ስታልፉ ብቅ በሉ። ሎሚ ሰሞኑን ተወዷልና ይዛችሁ ኑ፤ በረዶው ከእኛ።